ድንበር ስለ ለያያቸው ቤተ ሰቦችና ስለ ሕግ

(በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ደብራችን የኢዮቤልዩ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ቀን ስለ ቤተ ሰብና ስለ ሕግ ጥቂት ቃል እንዳሰማ ስለ ታዘዝሁ ምስጋናዬ ታላቅ ነው። ከእናንተም አንዳንዱ፥ «የሕግ ነገር ለፍርድ ቤት ነው እንጂ ለቤተ ክርስቲያን በዓል ምን ይስማማዋል?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተሠራው ራሱ ሕግ ነው። በኀምሳኛው ዓመት ቀንደ መለከት በተነፋ ጊዜ፥ በችግር ምክንያት ከርስቱና ከዘመዱ የተለየው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ ይመለስ ዘንድ ታዘዘ። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የተበታተነ ቤተ ሰብ የሚሰበሰብበት ዓመት ነው፤ የሚሰበሰበውም በናፍቆት ብቻ ሳይሆን በሥርዓት ነው።

ይህ ደብር በተተከለ ጊዜ ከአጥቢያው ወደ ባሕር ማዶ የሄደ ሰው ቢኖር በጣት የሚቈጠር ነበር። ዛሬ ግን በአሜሪቃ፥ በካናዳ፥ በእስራኤል፥ በጀርመን፥ በሳዑዲ ዓረቢያ ወይም በቤሩት ዘመድ የሌለውን ቤት ማግኘት አስቸጋሪ ሆኗል። ባል በሰው አገር ታክሲ እየነዳ ሚስት እዚህ ልጅ ታሳድጋለች፤ እናት በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ልጇ በአያቱ እጅ ያድጋል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው የሩቅ ሰዎችን ነገር አይደለም፤ የራሳችንን ነው።

ልነግራችሁ የምወደው ነገር አንድ ነው። ፍቅርና ቃል ኪዳን ድንበር ይሻገራሉ፤ በሚገባ ያልተጻፈ፥ ባለጉዳዮቹም ሁሉ ያልተሰሙበት መብት ግን ከድንበሩ ላይ ይቀራል። በዚያም ጊዜ የሚጐዱት ብርቱዎቹ አይደሉም፤ እዚህ የቀረችው ሚስትና ገና አፉን ያልፈታው ሕፃን ናቸው እንጂ።

ለዚህ ምሳሌ ከመጽሐፈ ሩት የሚሻል አላገኘሁም። አቤሜሌክ በረኃብ ምክንያት ከቤተ ልሔም ተነሥቶ ከሚስቱ ከኑኃሚንና ከሁለት ልጆቹ ጋራ ወደ ሞዓብ ወረደ። ልጆቹም በዚያ የሞዓብን ሴቶች አገቡ፤ ሦስቱም ወንዶች በዚያው ሞቱ። ኑኃሚን ከምራትዋ ከሩት ጋራ ወደ አገርዋ በተመለሰች ጊዜ የእርሻው መሬት ነገር፥ የሟቹ ስም ነገርና የባዕዳይቱ ሴት ጋብቻ ነገር በአንድነት ተነሣ። ቦዔዝ ሩትን ወደደ፤ ነገር ግን በመውደዱ ብቻ አልወሰዳትም። ወደ ከተማው በር ወጥቶ አሥር ሽማግሎችን አስቀመጠ፤ ከእርሱ ይልቅ ቅርብ የነበረውንም ዘመድ ጠርቶ በፊታቸው አናገረው፤ እርሱም እንቢ ባለ ጊዜ ነገሩን በምስክር አጸና። እንግዲህ በዚያ በር ላይ ሦስት ነገር ተፈጸመ፤ ሥልጣን ያለው ጉባኤ ተቀመጠ፥ ሌላው ባለመብት ተጠርቶ ተሰማ፥ ነገሩም በምስክር ታሰረ። ዛሬም የአገሮች ሕግ ከድንበር ማዶ የመጣውን ነገር የሚመረምረው በእነዚሁ በሦስቱ ነው።

የማንኛውም አገር ሕግ ከገዛ ድንበሩ ሲደርስ ይቆማል። ቀድሞ በአገራችን የጋብቻ ነገር ሲነሣ ሊቃውንቱ ወደ ፍትሐ ነገሥት፥ ይልቁንም ስለ ጋብቻ ወደሚናገረው ወደ 24ኛው አንቀጽ ይመለከቱ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። የሕጉን ረቂቅ ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ረኔ ዳቪድ የልዩ ልዩ አገሮች ሕጎች በሚጋጩበት ጊዜ በየትኛው እንደሚፈረድ የሚናገር ክፍል ጽፈውለት ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ ሲታወጅ ያ ክፍል ቀረ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ፤ የሚሠራውም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። አማራ፥ ኦሮሚያ፥ ትግራይና ሌሎችም ክልሎች የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋል። ስለዚህ ነገሩ ወደ ውጭ ከመሻገሩ በፊት በአገር ውስጥም ቢሆን «የየትኛው ክልል ሕግ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚህ በኋላ የምናገረው በአዲስ አበባ የሚሠራውን ነው።

መጀመሪያ ስለ ጋብቻ እናገራለሁ። ሕጋችን ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም፥ በሃይማኖት ሥርዓት የሚፈጸምና በባህል የሚፈጸም። ሦስቱም ክብራቸው አንድ ነው፤ በተክሊልና በቍርባን የተጋቡትም በሕግ ፊት ሙሉ ባልና ሚስት ናቸው። ነገር ግን በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም ጋብቻው በክብር መዝገብ መጻፍ አለበት፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ 30 ቀን ነው። ብዙዎቻችን ካህኑ ባርከውናል፥ ሰዉም በልቶ ጠጥቶልናል ብለን ይህን እንተወዋለን። ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር እስከ ኖሩ ድረስ ጉዳቱ አይታይም። አንዱ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ግን የውጭ አገር ሹም ሠርጉን አላየም፥ ካህኑንም አያውቅም፤ የሚጠይቀው ወረቀት ነው።

ደግሞም በዘመናችን አንድ አዲስ ልማድ ተነሥቷል፤ ይኸውም ሙሽራው በውጭ አገር ሳለ ሙሽራይቱ በዘመዶችዋ መካከል ለብቻዋ መሞሸር ነው። የእኛ ሕግ በአንቀጽ 12 ሁለቱ ተጋቢዎች ጋብቻው በሚፈጸምበት ሥፍራና ሰዓት ራሳቸው ተገኝተው ፈቃዳቸውን እንዲሰጡ ያዝዛል፤ ብርቱ ምክንያት ከሌለና የፍትሕ ሚኒስቴር ካልፈቀደ በቀር በወኪል ማግባት አይቻልም። የአሜሪቃ የስደተኞች ሕግም ባልና ሚስት በአንድ ሥፍራ ሳይገናኙ የተፈጸመውን ጋብቻ፥ ከዚያ በኋላ በባልና ሚስት ግብር ካልተገናኙ በቀር፥ እንደ ጋብቻ አይቈጥረውም። እንዲህ ያለው ሠርግ ሁለቱንም ሕግ ሳያሟላ ልጅቱን በሰፈር ያገባች፥ በሕግ ግን ያላገባች አድርጎ ያስቀራታል።

በውጭ አገር የተፈጸመ ጋብቻስ? አንቀጽ 5 እንደሚለው፥ በተፈጸመበት አገር ሕግ መሠረት የተደረገ ጋብቻ መልካም ጠባይን እስካልተቃረነ ድረስ በእኛም ዘንድ የጸና ነው። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በውጭ አገር በማዘጋጃ ቤት ያገባ ሰው እዚህ መጥቶ፥ «ነጻ ነኝ፤ አጋቡኝ» ሊል አይችልም፤ እዚህም ሚስት ያለችው በዚያ ሌላ ቢያገባ ሁለተኛው ጋብቻ በሁለቱም አገር ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ከውጭ አገር መጥቶ ጋብቻ የሚጠይቅ ሰው ሲኖር፥ በሚኖርበት አገር ያላገባ ወይም በፍርድ የፈታ መሆኑን የሚያስረዳ የተረጋገጠ ወረቀት መጠየቅ ክፉ ጥርጣሬ አይደለም፤ ልጅቱን መጠበቅ ነው።

ሁለተኛ ስለ ልደትና ስለ ክርስትና እናገራለሁ፤ ይህ ክፍል ከሁሉ ይልቅ ለአባቶች ካህናት ነው። የመንግሥት የልደት ምዝገባ በአገሪቱ በሰፊው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ለተወለዱት ብዙዎች የተጻፈ ማስረጃቸው የቤተ ክርስቲያን የክርስትና ምስክር ወረቀት ብቻ ነው። የአሜሪቃ የስደተኞች መሥሪያ ቤት የልደት ወረቀት በማይገኝበት ጊዜ ይህን ምስክር ወረቀት ይቀበላል፤ ማኅተም እንዲኖርበት፥ የልደቱን ቀንና ሥፍራ፥ ክርስትናው የተፈጸመበትን ቀንና የወላጆቹን ስም እንዲይዝ ይጠይቃል። ነገር ግን አንድ ሌላ ነገር ይጨምራል፤ ክርስትናው ልጁ በተወለደ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የተፈጸመ እንዲሆን ይፈልጋል። እናንተ እንደምታውቁት በእኛ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ወንዱ በተቈረጠው ጊዜ ውስጥ ሲገባ ሴቲቱ ሃያ ቀን ያህል አልፋ ትቀራለች፤ ከዚያም የትምህርት ቤት ማስረጃና የምስክሮች ቃል ፍለጋ ይመጣል።

ይህን ስል ሥርዓታችን ለባዕድ መሥሪያ ቤት ሲባል ይለወጥ ማለቴ አይደለም። መድኃኒቱ በእጃችን ነው። ሕጋችን ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ይላል። አርባውም ሰማንያውም ከዘጠናው በፊት ናቸው። ስለዚህ ሕፃኑን ተሸክመው ወደ ጥምቀት የሚመጡትን ወላጆች ካህኑ፥ «የልደቱን ወረቀት ከወረዳው አውጥታችኋልን?» ብለው ቢጠይቋቸው፥ ወንድ ልጅ ላላቸው ኀምሳ ቀን፥ ሴት ልጅ ላላቸው አሥር ቀን ይቀራቸዋል። በአንድ ጥያቄ ብቻ የአንድን ሕፃን ሃያ ዓመት ድካም ማስቀረት ይቻላል።

ስለ ስምና ስለ ዘመን አቈጣጠርም እንዲሁ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በምስክር ወረቀቱ ላይ ስመ ክርስትናው ብቻ ከተጻፈና በፓስፖርቱ ላይ የዓለም ስሙ ካለ ሁለቱ ወረቀቶች የሁለት ሰዎች ይመስላሉ፤ ስለዚህ ሁለቱም ስሞች ከአባትና ከአያት ስም ጋራ ይጻፉ። በውጭ አገር ቤተ ሰብ ሁሉ በአንድ ስም ሲጠራ፥ የእኛ እናት በራስዋ አባት ስም ስለምትጠራ፥ ሹሙ «ይህች ሴት ለዚህ ልጅ ምኑ ናት?» ብሎ ይጠይቃል፤ የእናት ስም ሳይጻፍ መቅረቱም ታላቅ ጉዳት ነው። ዘመኑንም በተመለከተ በእኛና በእነርሱ አቈጣጠር መካከል ያለው ልዩነት አንድ ጊዜ 7፥ አንድ ጊዜ 8 ዓመት ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2010 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነርሱ ዘመን በ2017፥ ከአምስት ቀን በኋላ የተወለደው ግን በ2018 የተወለደ ነው። ይህን ሳያስተውል ዓመቱን በግምት የለወጠ ጸሐፊ ልጁን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል። በአሜሪቃ ሕግ ወላጅ «ልጄ» ብሎ የሚጠራው ከ21 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ነውና፥ የአንድ ዓመት ስሕተት ልጁን ከእናቱ ዘንድ ለብዙ ዘመን ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ዘመኑ የኢትዮጵያ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

በውጭ አገር ስለሚወለዱትም አንድ ቃል ልጨምር። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት፥ ከአባቱ ወይም ከእናቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ልጅ የትም ቢወለድ ኢትዮጵያዊ ነው። ነገር ግን በመወለዱ የሌላ አገር ዜግነት ደግሞ ያገኘ እንደ ሆነ፥ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ የእኛን መምረጡን ካላስታወቀ፥ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቈጠራል። ወላጆች ይህን ለልጆቻቸው በጊዜው ሊነግሩአቸው ይገባል።

ሦስተኛ ስለ ፍችና ስለ ልጆች አስተዳደግ ነው። እዚህ ላይ ከብዙ ሽማግሎች ጋራ የሚያሳስብ አንድ ጥንተ ልማድ አለ። በ1952 ዓ.ም. ሕግ የቤተ ዘመድ ሽማግሎች ፍችን ይወስኑ ነበር። የ1992 ዓ.ም. ሕግ ግን ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ ሽማግሎች እንዲያስታርቁ እንጂ እንዲያፋቱ አልተፈቀደላቸውም። ባልና ሚስት ተስማምተው ቢፋቱ እንኳ ስምምነታቸው በፍርድ ቤት መጽናት አለበት። ስለዚህ በሽማግሎች ፊት የተፈረመ ወረቀት ይዞ ወደ ውጭ አገር የሄደ ሰው ፈታሁ ቢልም፥ በሕግ አሁንም ባለትዳር ነው።

የፍርድ ቤት ፍርድስ ድንበር ይሻገራልን? በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 458 የውጭ አገር ፍርድ እዚህ የሚፈጸምበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። ያ አገር የእኛን ፍርድ የሚፈጽም መሆን አለበት፤ ፍርዱ በሚገባ ከተቋቋመ ፍርድ ቤት የወጣና የመጨረሻ መሆን አለበት፤ የተፈረደበት ሰው ቀርቦ መከላከያውን ለማሰማት ዕድል ያገኘ መሆን አለበት፤ ፍርዱም የሕዝብን ጸጥታና መልካም ጠባይ የማይቃረን መሆን አለበት። በአሜሪቃም ከሞላ ጐደል ሁሉም ግዛቶች የተቀበሉት፥ እ.ኤ.አ. በ1997 የተዘጋጀው የልጆች አስተዳደግ ሕግ የሌላን አገር ፍርድ ቤት እንደ ገዛ ግዛታቸው ፍርድ ቤት ይቈጥራል፤ ነገር ግን ልጁ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረበትን ሥፍራ ይመለከታል፥ ሌላው ወላጅም ተጠርቶ የመሰማት ዕድል ማግኘቱን ይጠይቃል።

ወገኖቼ ሆይ፥ የሁለቱም ሕግ ከአንድ ነጥብ ላይ መገናኘቱን አስተውሉ። ሌላውን ወገን ሳይሰሙ የተፈረደ ፍርድ ድንበር አይሻገርም። አድራሻውን እያወቀ «የት እንዳለች አላውቅም» ብሎ በሌለችበት ያስፈረደ ባል ለጊዜው ያሸነፈ ይመስለዋል፤ ከባሕር ማዶ ሲደርስ ግን ወረቀቱ በእጁ ላይ ይሞታል። ቦዔዝ ቅርቡን ዘመድ በአደባባይ መጥራቱ ለወግ ያህል አልነበረም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው የልጆች መነጠቅ ነው። አንዳንዱ ወላጅ፥ «ልጁን ለአያቱ አሳይቼው እመለሳለሁ» ብሎ ይዞት ይመጣና ሳይመልሰው ይቀራል። ልጆች ያለ አግባብ ከአገር ወደ አገር ሲወሰዱ ወደሚኖሩበት አገር ፈጥነው እንዲመለሱ የሚያደርግ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1980 በሄግ ከተማ ተደርጓል፤ አሜሪቃ አባል ናት፥ ኢትዮጵያ ግን አባል አይደለችም። ስለዚህ በዚህ መንገድ የተነጠቀች እናት በዚያ ስምምነት መጠቀም አትችልም፤ በእኛ ፍርድ ቤት ከመጀመሪያው መክሰስ ይኖርባታል። የእኛ ሕግ ግን ባዶ እጁን አይደለም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ወላጆቹ በሁለት አገር የሚኖሩ ልጅ ከሁለቱም ጋራ ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የልጁ ጥቅም በቅድሚያ እንዲታይ ያዝዛል። አያቶችና አጎቶች ሆይ፥ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ቤታችሁ በመጣ ጊዜ ደስታችሁ ሳይበርድ፥ «እናቱ ታውቃለችን?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ለመናገር የሚከብድ ነገር አለ። በየመን ባሕር፥ በሊቢያ በረሓ ወይም በሜዲቴራኒያን መንገድ ሄደው ድምፃቸው የጠፋ ልጆች አሉን። ሚስቲቱ መበለት አትባል፥ ባለባል አትባል፤ ፍትሐት አይደረግ፥ ደብዳቤ አይመጣ። ሕጉ ለእነዚህ በር አላዘጋም። የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ፥ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤቱ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ማመልከት እንደሚችል ይናገራል፤ ውሳኔውም ሲሰጥ የቤተ ሰብ ሕጉ ጋብቻው እንደ ፈረሰ ይቈጥረዋል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በዚህ ላይ የራሱ ቃል አለው፤ ያንን ለአባቶች እተዋለሁ። ነገር ግን አንዲት ሴት የልጆችዋን ቀለብና የቤትዋን ነገር ለማስተካከል ስታመለክት፥ «ባልዋን በአፍዋ ገደለችው» የሚል ጎረቤት እንዳይኖር እለምናችኋለሁ።

ስለ ንብረትና ስለ ጉዲፈቻ በአጭሩ ልናገር። በትዳር የተፈራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። በውጭ አገር ያለው ተጋቢ ሳያውቅ የተሸጠ እንደ ሆነ ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችለው ባወቀ በስድስት ወር፥ ቢዘገይም በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ዝምታ ያስቀጣል። ውክልና የምትሰጡም፥ ጠቅላላ ውክልና ለአስተዳደር ሥራ እንጂ ቤት ለመሸጥ እንደማይበቃ፥ ለዚያም ልዩ ውክልና እንደሚያስፈልግ እወቁ። ጉዲፈቻንም በተመለከተ፥ በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 ለውጭ አገር ዜጎች ልጅ በጉዲፈቻ መስጠት ስለ ቀረ፥ «አሜሪቃ ያለችው አክስቱ ትወስደዋለች» ተብሎ ለሕፃን ተስፋ ከመስጠት በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ስለዚህ ምክሬን በአራት ቃል እጨርሳለሁ። አባቶች ካህናት፥ የክርስትናና የጋብቻ መዝገባችሁን እንደ ንዋየ ቅድሳት ጠብቁት፤ አንድ ቀን የአንድ ቤተ ሰብ መገናኛ የሚሆነው እርሱ ነውና። የምትጋቡ ወጣቶች፥ ከተክሊል በኋላ ወደ ክብር መዝገብ ሂዱ። በውጭ አገር ያላችሁ፥ የጋብቻችሁን፥ የልጆቻችሁን ልደትና የፍችአችሁን ወረቀት በኤምባሲ አስመዝግቡ፤ ወደ አገር የምትልኩትንም አስተርጕማችሁ አረጋግጡ። ሽማግሎች፥ አስታርቁ፤ ዕርቅ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ግን ሁለቱንም ወደ ፍርድ ቤት ላኩ፥ አንዱ በሌለበትም አትፍረዱ። ይህንም ሁሉ በሰላም ጊዜ አድርጉት፤ ጠብ ከገባ በኋላ ወረቀት የሚፈርም እጅ አይገኝምና።

በቤተ ልሔም በር ላይ ነገሩ በሚገባ ስለ ተፈጸመ የሩት ልጅ ኢዮቤድ ባዕድ አልተባለም፤ የዳዊት አያት ለመሆን በቃ። የእኛም ልጆች በየትኛውም አገር ቢወለዱ የእናታቸውን ስም፥ የአባታቸውን ወገንና የተጠመቁበትን ደብር የሚያስረዳ ወረቀት በእጃቸው ይዘው፥ ወደ ወገናቸው ለመመለስ መንገድ የማያጡ ይሁኑ። የተበተኑትን ሰብስቦ ሁለተኛውን ኢዮቤልዩ በአንድነት እንድናከብር የእግዚአብሔር ፈቃዱ ይሁን። አሜን።